በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት መስመር

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ መንገድ ላይ ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈትና ጥረዛ እሠራለሁ። ከዚያ በፊት ፎገራ ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ለጋዜጣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያስነሳኝም ሱቄ ውስጥ የሰማሁት ንግግር ነው።

ከወር በፊት ሁለት የኮሌጅ መምህራን ሃንድአውት ሊያባዙ ገቡ። ማሽኑ እስኪሞቅ ቆመው ሲጫወቱ አንደኛው የሚድ ፈተና ውጤት አንስተው ከክፍሉ ከግማሽ በላይ እንደወደቀ ተናገሩ። ቀጥለውም «የኮሌጅ ተማሪ እኮ ትልቅ ሰው ነው፤ እሹሩሩ እያልን ልናስተምረው ነው እንዴ? የሚችል ያልፋል፣ የማይችል ይቀራል» አሉ። ጓደኛቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ተስማሙ። ሁለቱም ሰው የሚያከብሩ፣ ነባር ደንበኞቼ ናቸው፤ ክፋት አላየሁባቸውም። ሃንድአውቱን በሁለት ፊት አባዝቼ፣ በስቴፕለር መትቼ ሰጠኋቸውና ሄዱ። ልመልስላቸው የፈለግሁት ግን ከአፌ ሳይወጣ ቀረ፤ ቤቴ ገብቼም ሲከነክነኝ አደረ። መልሱን በዚህ ደብዳቤ ልጻፈው።

ፎቶ ኮፒ ቤት ሬጅስትራር የማያየውን ያያል። ሬጅስትራር ዘንድ የሚደርሰው ፊደሉ ብቻ ነው፤ ኤ፣ ሲ፣ ኤፍ። እኔ ዘንድ የሚመጣው ወረቀቱ ራሱ ነው፤ የታረመ አሳይመንት፣ የተመለሰ ፕሮፖዛል፣ ለቅሬታ የሚባዛ የፈተና ወረቀት። መምህሩ እስክሪብቶውን የት እንዳሳረፈ፣ የቱን ገጽ ሳይነካ እንዳለፈ፣ የት ላይ ተናዶ እንደጫነው ከማሽኑ መስታወት ላይ አየዋለሁ። ደንበኞቼ ከከተማው የመንግሥትም የግልም ኮሌጆች ስለሚመጡ የምናገረው ስለ አንድ ተቋም አይደለም፤ ማንም እኔን ነው ብሎ እንዳይቀየመኝ።

አብዛኛው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ከ30፣ 11፤ በቀይ ተከቦ። ሌላ ፊደል የለበትም። ልጁ 19ኙን የት እንደጣለ ከወረቀቱ ላይ ማንበብ አይችልም። ኤክስ የተደረገበት ቦታ አለ፤ ኤክሱ ግን ከየትኛው መስመር ጀምሮ እንደተሳሳተ አይነግረውም።

አንድ ልጅ አለ፤ አልረሳውም። አባቱ በታንኳ ዓሣ የሚያሰግሩ ናቸው። የመመረቂያ ጥናቱን ፕሮፖዛል እኔ ዘንድ ነበር የሚያስተይበው። ርእሱ ከሩቅ በታንኳ የሚመጣ ዓሣ ገበያ እስኪደርስ እንዴት እንደሚበላሽ ነበር። በረዶ የለም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ታንኳ መቅዘፍ ይከብዳል፤ ዓሣው ፀሐይ ላይ ይቆያል፤ እርጥብ ደንገል ጣል ያደርጉበታል። ይህን ሁሉ ልጁ ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ከአባቱ ጋር ታንኳ ላይ ተቀምጦ ያደገበት ነው። እኔም ስተይብ ዓሣ ገዢ ብቻ ሆኜ ኖሬ የማላውቀውን አወቅሁ።

አሥራ ስምንት ገጹን አትሞ ለአማካሪው ሰጠ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱን ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ኤክስ ተደርጎበታል፤ ከሥሩ «ሪራይት» የሚል አለ። ሌሎቹ አሥራ ሰባት ገጾች ንጹሕ ናቸው። ልጁ ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ ቆየና «እትዬ፣ ሪራይት ሲሉ የቱን ነው? ሁሉንም ነው?» አለኝ።

የምመልስለት አጣሁ። ሄደህ ጠይቃቸው አልኩት። «ጠይቄአቸው ነበር፤ ትልቅ ሰው አይደለህ፣ ራስህ እወቀው አሉኝ» አለ።

ከሳምንት በኋላ ያንኑ ጽሑፍ ይዞ ተመለሰ። አንድ ዐረፍተ ነገር አልተነካም። የቀየረው የፊደሉን ዓይነትና በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ አሥራ ስምንቱ ገጽ ሃያ አራት ሆኗል። አዘጋጅ ሆይ፣ ይህን ነገር ልብ ብለው ይዩልኝ። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ሦስት ቀን ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ርቀት አያስተካክልም ነበር። ምን እንደሚያርም የነገረው ሰው ስላልነበረ ሊያርመው የቻለውን ብቻ አረመ። ወረቀቱ አሁንም በኤክስ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ልጁ ጠፋ። ጓደኞቹን ስጠይቃቸው «ትቶታል፤ ዶርም ተኝቶ ነው የሚውለው» አሉኝ።

የመለሰው ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛ አንባቢ ሆነው የተመደቡ አንዲት ወጣት መምህርት ወረቀቱን ወሰዱት። ሲመለስ ኮፒ ያደረግሁት እኔ ስለሆንኩ ከገጽ 1 ግርጌ የጻፉትን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። «ይህን ሊጽፍ የሚችለው ታንኳ ላይ ያደገ ሰው ነው። ጥያቄህ ግን ገጽ 9 ላይ ተደብቋል፤ አውጣና ከፊት አድርገው። ገጽ 3 እና 4 ከሌላ ሰው የተገለበጠ ይመስላል፤ ጣለው። ሰኞ 4 ሰዓት ቢሮ ና። ይህ ጥሩ ሥራ እንደሚወጣው አምናለሁ።»

ውዳሴ የሚባል ነገር የለበትም። ሁለት ገጽ ጣል ብለውታል። የተገለበጠ ይመስላል ሲሉ ፊት ለፊት ወቅሰውታል። ልጁ ግን በዚያው ማታ መጣ፤ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ኪቦርዱን አልለቀቀም፤ ሲጠፋም በስልኩ ብርሃን በእጁ መጻፉን ቀጠለ። ዘጠነኛውን ገጽ ወደ ፊት አመጣው። ከዚያ ወዲያ አራት ጊዜ ታርሞ ተመልሶለታል፤ አራቱንም ጊዜ እያጉረመረመ ግን ፊቱ ሳይጠቁር ሠራው። ተመርቋል። ጥራዙን ሲወስድ አንድ ተጨማሪ ቅጂ አስጠረዘ፤ ለአባቱ ነው። አባቱ ማንበብ አይችሉም።

ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ጭንቅላቱ አልተቀየረም፤ ርእሱም አልተቀየረም። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ከገጽ 1 ግርጌ ያለው ቀይ ጽሑፍ ብቻ ነው።

የዚህን ልጅ ነገር እንዲህ ያጠበቅሁት በራሴ ስለደረሰ ነው። እኔ የወረታ አካባቢ ገበሬ ልጅ ነኝ። መምህርነት የተማርኩት በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነው፤ ስሙን መጥቀስ አልፈልግም። ሒሳብ ክፍል ከገቡት ሴቶች ቁጥራችን የአንድ እጅ ጣት አይሞላም ነበር። በመጀመሪያው ሴሚስተር የካልኩለስ ፈተና ከ30፣ 9 አመጣሁ። መምህራችን ውጤቱን ስም እየጠሩ ጮክ ብለው ነበር የሚያነቡት። እኔ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝና «አንቺን ደግሞ ማን ነው ሒሳብ ክፍል ያስገባሽ?» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ምናልባት በዚያው ረስተውት ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጨረሻው ረድፍ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ያልገባኝን ትቼ የገባኝንም መጠየቅ ፈራሁ። ማታ ደብተሬን ስከፍት ቁጥሩን ከማየቴ በፊት ያ ሳቅ ይሰማኝ ነበር። ሴሚስተሩን በማስጠንቀቂያ ጨረስኩ።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ሌላ መምህር መጡ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ጥቁር ሰሌዳውን እስከ ጥግ ሞልተው የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ፈተናቸው ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያ ኩዊዛቸውን ሲመልሱ ውጤቴ አሁንም ግማሽ አልሞላም ነበር። ከሥሩ ግን በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ የሚል አለ፦ «አካሄድሽ ትክክል ነው። የጣልሽው ምልክቱን ነው። ሐሙስ 9 ሰዓት ቢሮ ነይ።»

ጥያቄው የኮሳይን ሦስት ኤክስ ስኩዌር ዲሪቬቲቭ ነበር። የውስጡን ስድስት ኤክስ በትክክል አውጥቻለሁ፤ ኮሳይኑን ወደ ሳይን ለውጫለሁ፤ ከፊት መምጣት ያለበትን የኔጌቲቭ ምልክት ግን ጥያለሁ። በዚያች አንዲት ሰረዝ ምክንያት አራት ጥያቄ ተሳስቻለሁ። ይህን ሳይ ምን እንደተሰማኝ ለመግለጽ ይከብደኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚጎድለኝ ጭንቅላት ነው ብዬ ነበር የማምነው። ለካ የጎደለችኝ ሰረዝ ነች! ጭንቅላት የጎደለው ሰው ምን ያደርጋል? ይተኛል፣ ወይ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ አገሩ ይሳፈራል። ሰረዝ የጎደለው ግን ሰረዙን ያስገባል።

ሐሙስ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ ሦስት መምህራን ስለነበሩ በሩ ላይ ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። እሳቸው ወንበር ሳቡልኝና ሦስት ጥያቄ ጻፉልኝ። ያቀልሉልኛል ብዬ ነበር፤ ከፈተናው የባሰ ከባድ ነበሩ። ሁለቱን ሠራሁ። ሦስተኛው አልወጣልኝም፤ «ይህችን ይዘሽ ሂጂና ማክሰኞ አሳዪኝ» አሉ። ሻይ አልጋበዙኝም፤ ጎበዝ ነሽ አላሉኝም፤ ስለ አባቴ እርሻ አልጠየቁኝም። ከባድ ጥያቄ ሰጥተው ማክሰኞ እንደምመልስ ሳይጠራጠሩ ወደ ሥራቸው ዞሩ። ያ አለመጠራጠራቸው ነው እኔን ያቆመኝ። በፋይናሉ ቢ አመጣሁ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሌሎች ሴቶችን የማስጠና እኔ ሆንኩ።

ማበረታታት ሲባል ብዙ መምህራን የሚያስቡት «አይዞህ» ማለትን ይመስለኛል። አይዞህ ጥሩ ቃል ነው፤ ለታመመ፣ ለቅሶ ላይ ለተቀመጠ እንለዋለን። ግን አይዞህ የሚባለው ሰው ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም፤ እስኪያልፍለት መቻል ነው የሚጠበቅበት። «በርታ» ሌላ ነው። በርታ የሚባለው እጁ ላይ ሥራ ያለ ሰው ነው፤ አራሽ፣ ቀዛፊ፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት። የተማሪ ወረቀት ላይ የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ከነሥራው። የአንደኛ ደረጃ መምህራን ደብተር ሲያርሙ «ጎበዝ፣ በርታ» ብለው ይጽፋሉ፤ ልጁ ኮሌጅ ሲደርስ ይህች ቃል የምትቀርበት ምክንያት ለእኔ አይገባኝም።

ተቃራኒውንም አይቻለሁና ልናገር። የገባው አሳይመንት ሁሉ ላይ «ቬሪ ጉድ» ብለው የሚጽፉ አሉ። አንዲት ተማሪ ሦስት ዓመት ሙሉ ቬሪ ጉድ የተባለችበትን ወረቀት እዚሁ ስታስጠርዝ ኖራ፣ የመውጫ ፈተናው ላይ ወደቀች። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እንደሚታወቀው 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ልጅቷ ባንኮኒዬ አጠገብ ተቀምጣ «ማንም አልነገረኝም» እያለች አለቀሰች። ያልተነበበ ወረቀት ላይ ቬሪ ጉድ መጻፍ ማታለል ነው፤ ከኤክሱ የሚለየው ጉዳቱ ዘግይቶ በመምጣቱ ብቻ ነው።

ኮሌጅ ሳለን በትምህርት ሳይኮሎጂ ኮርስ የሳይኮሎጂ ሊቁን የአልበርት ባንዱራን ሐሳብ ለፈተና ሸምድደነዋል። ሰው «እችላለሁ» ብሎ የሚያምነው ከአራት ነገር ተነሥቶ ነው ይላል፦ ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት፣ እሱን የሚመስል ሰው ሲሳካለት ሲያይ፣ የሚያምነው ሰው ትችላለህ ሲለው፣ እንዲሁም ልቡና ሰውነቱ ካሉበት ሁኔታ። ከአራቱ ጠንካራው የመጀመሪያው ነው። ያን ጊዜ ለፈተና አውቄው አለፍኩ፤ የገባኝ ግን ሐሙስ 9 ሰዓት ላይ የሆነውን መልሼ ሳስበው ነው። የመምህሩ ቃል ብቻውን ብዙ አይራመድም። ቃሉ ልጁን ወደ ሥራው መልሶ ካስቀመጠው ግን ልጁ ይሠራል፣ ይሳካለታል፤ ከዚያ በኋላ የማንም ቃል አያስፈልገውም። ይህ እሹሩሩ ከሆነ፣ ልጁ ራሱን ችሎ እስኪሄድ ድረስ ብቻ የሚቆይ እሹሩሩ ነው።

የአንድ የማስተርስ ተማሪ ጽሑፍ ስተይብ ያገኘሁት ሌላም ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ዴቪድ ዬገርና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት ነው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰት ጻፉ፤ መምህሮቻቸው እንደወትሮው አረሙላቸው። ተመራማሪዎቹ በየወረቀቱ ላይ አንዲት ብጣሽ ማስታወሻ አያያዙ። ለግማሾቹ «ይህን አስተያየት የሰጠሁህ ስለ ወረቀትህ እንድታውቅ ነው» የሚል፣ ለግማሾቹ «ይህን አስተያየት የሰጠሁህ ከአንተ ብዙ ስለምጠብቅና እንደምትደርስበት ስለማውቅ ነው» የሚል። ከዚያ ድርሰቱን እንደገና ጽፎ መመለስ ለተማሪው ፈቃድ ተተወ። ከጥቁር ተማሪዎቹ መካከል የመጀመሪያዋ ማስታወሻ ከደረሳቸው አርመው የመለሱት 17 በመቶ ሲሆኑ ሁለተኛዋ ከደረሳቸው 72 በመቶ ሆኑ። ጥናቱ በጥቂት ልጆች ላይ፣ ከእኛ በጣም በራቀ አገር የተደረገ ነው፤ የኮሌጅ ተማሪዎችም አይደሉም። እኔ ግን ስተይበው እጄ ቆመ። የዓሣ አስጋሪው ልጅ ትዝ አለኝ። መምህሩ እንደ ቀላል ያየኛል ብሎ የሚጠረጥር ልጅ እርማቱን የሚያነበው እንደ ስድብ ነው፤ ያንኑ እርማት ከሚያምንበት ሰው ሲያገኘው እንደ ሥራ ያነበዋል።

አሁን ኮሌጅ የሚገቡት ልጆች ደግሞ ጥርጣሬያቸው የበዛ ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ከወደቁት መካከል ቀረብ ያለ ውጤት ያላቸው በአቅም ማሻሻያ፣ እነሱ ሬሜዲያል በሚሉት፣ ይገባሉ። ሱቄ ሲመጡ የመታወቂያቸውን ኮፒ እንኳ እጃቸውን ጣል አድርገው ሸፍነው ነው የሚሰጡኝ። በዚህ ላይ ኮቪድ፣ በዚህ ላይ ጦርነትና ግጭት፤ በክልላችን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከከረመበት ወረዳ የመጣ ልጅ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ዓመታት ጎድለውበት ነው። «የሚችል ያልፋል» የምንለው ለእነዚህ ልጆች ነው። አለመቻላቸውን ከእኛ በፊት አገር ነግሯቸዋል፤ ከመምህራቸው ሌላ አዲስ ነገር መስማት አለባቸው።

አጎቴ ጎጃም ተሻግረው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርልኝ። ቆሎ ቋጥረው፣ ለምድ ለብሰው፣ በውሻ መካከል ለምነው። የኔታ ለስላሳ አልነበሩም፤ አለንጋውም ነበር፤ ያንን አልናፍቅም። አጎቴ ግን እስኪሞቱ የሚያወሩት ስለ ነገራው ነበር። ተማሪው ቀን ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም አስቦ ያዘጋጃል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ጀማሪም ቢሆን፣ ያውም ሁለት መስመር ጉባኤ ቃና ይዞ፣ በየተራው ይደመጣል። ቤት ያልመታውን፣ ሰምና ወርቁ ያልተጋጠመውን የኔታ እዚያው ነቅሰው ያርሙታል። ደህና ከሆነ «ይበል!» ይባላል። አጎቴ የመጀመሪያዋን ይበል ያገኙበትን ቀን የሚያወሩት የሠርጋቸውን ቀን ከሚያወሩት በበለጠ ነበር። ይበል የምትጣፍጠው ከስንት ቀን እርማት በኋላ የምትመጣ ስለሆነች ነው። እርማቱ ደግሞ የሚቻለው የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ስለሚያደምጡት ነው። እኛ ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ብዙ አገኘን፤ ይህን ግን ጣልን።

የመምህሩን ኑሮ እኔ አላውቅም እንዳይባል። አሥራ አንድ ዓመት ኖሬበታለሁ። የኮሌጅ መምህር ሦስትና አራት ሴክሽን ይይዛል፤ አንዱ ክፍል ሰባ ተማሪ አለው፤ ደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ ወር አያደርሰውም። ሃንድአውት በዱቤ የማባዛላቸው መምህራን አሉ። ለዚህ ሰው በርታ የሚለው ማን ነው? ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ኮሌጆችም ሊያስቡበት ይገባል። ተማሪ ማማከርና ማረም በሥራ ጫና ውስጥ ካልተቆጠረ፣ ለአንድ አማካሪ ከሚችለው በላይ ተማሪ ከተመደበ፣ ኤክሱ ከጭካኔ ሳይሆን ከድካም የመጣ ነው። ግን ሒሳቡን ልሥራው፤ ሙያዬ ነበር። ሰባ ተማሪ፣ ለአንድ ወረቀት አንዲት ደቂቃ፤ ሰባ ደቂቃ ነው፤ አንድ ሰዓት ከ10። በሴሚስተር አንድ ጊዜ ብቻ። ያውም በመጀመሪያው ወር፣ ከሚዱ በፊት፣ ገና ልጁ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሳይሸሽ። አንዲት ትንሽ ኩዊዝ ስጡና በሳምንት ውስጥ መልሱ፤ ከሥሯ የተሳካውን፣ የተሰበረበትን መስመርና ቀጥሎ የሚሠራውን ጻፉ። ለሰባውም ካልተቻለ ለወደቁት ብቻ ይሁን። ውጤት በስም እየተጠራ በክፍል ፊት መነበቡም ይቅር። ቢሮ በር ላይ የተለጠፈው የማማከሪያ ሰዓት ደግሞ ልጁ ሲመጣ ሰው የሚገኝበት ይሁን። ከገጠር የመጣ ልጅ ያንን በር ለማንኳኳት ስንት ቀን ራሱን እንደሚያሳምን እኔ አውቃለሁ፤ አንዴ መጥቶ ካጣችሁ ሁለተኛ አይመጣም።

ራሴን ነጻ አላደርግም። ፎገራ ሳስተምር አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ እጁን አውጥቶ ሁልጊዜ ይሳሳታል። አንድ ቀን ደክሞኝ «አንተ ደግሞ፣ ዛሬ እንኳ ተወን» አልኩት። ዓመቱ እስኪያልቅ እጁን አላወጣም። ስሙንም፣ የተቀመጠበትን ዴስክም አስታውሳለሁ። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ የት እንዳለ ብጠይቅም አላገኘሁትም።

የዚያ መምህሬ ወረቀት ግን እኔ ዘንድ አለች። ቀለሟ ደብዝዟል፤ ቀዩ ወደ ቡኒ ሄዷል፤ በመታጠፊያዋ ላይ ስለተቀደደች በፕላስተር አያይዤአታለሁ። የባንኮኒዬ መስታወት ሥር አስቀምጫታለሁ፤ ተማሪዎች ኮፒ እስኪወጣላቸው ጎንበስ ብለው ያነቧታል። አንዳንዶቹ በስልካቸው ፎቶ ያነሷታል።

ሁለቱ መምህራን ይህ ጋዜጣ እጃችሁ ከገባ፣ ያባዛችሁት ሃንድአውት የመጨረሻው ገጽ ኦሪጅናል ማሽኑ መስታወት ላይ ቀርቷል፤ አስቀምጬላችኋለሁ። ለመውሰድ ስትመጡ ወረቀቷን ላሳያችሁ እወዳለሁ። ሱቁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 2 ሰዓት ክፍት ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው የምከፍተው።

ስሜ በጋዜጣው ላይ እንዳይወጣ እለምናለሁ።

አክባሪያችሁ
ከባሕር ዳር